ጠባብ ሐዲድ፣ ሰፊ ፉርጎ

(ጅማ ውስጥ ለእንጨት ሥራ ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለባቡር ወዳጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ፤ አካም ኦልታን።

በእጅ እየዞረች ያለችውን ሞዴል ፉርጎ ተቀባበሏት። ስትደርሳችሁ ግን ገልብጡና ሆዷን እዩ። ጣሪያዋንና በሯን ማንም ያያል፤ ፉርጎ ሠሪ የሚታወቀው ከሥር ባስቀመጠው ነገር ነው። የወደቀ ነገር ካለ አትደንግጡ፣ ኮላ እዚህ አለ።

ከፋብሪካ ተገዝቶ የሚመጣ ሞዴል ባቡር ውድ ነው፤ ዛሬ እሱን አላነሳም። የማወራው ከወርክሾፓችሁ ወለል ላይ ተጠርጎ በሚጣል ቁርጥራጭ ስለሚሠራው ነው። ይዤ የመጣሁትም ሐሳብ አንድ ነው፦ የጠባብ ሐዲድ ሞዴል የሚሠራ ሰው የሚወስነው ነገር ሁሉ፣ ስኬሉም (ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር ስንት ጊዜ እንደሚያንስ)፣ ኩርባውም፣ ክብደቱም፣ የጠረጴዛው ስፋትም፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ካለችው ክፍተት ይመነጫል። እሷን የተረዳ ቀሪውን እየሠራ ይደርስበታል።

ከእውነተኛው ባቡር ልጀምር። ድሮ ከጅቡቲ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ይመላለስ የነበረው ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ከውስጥ ወደ ውስጥ ሲለካ አንድ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር፤ ዓለም መደበኛ የሚለው ስፋት። ጣሊያኖች ከምጽዋ ወደ አስመራ ያወጡት መስመር 950 ሚሊ ሜትር ነው። ይህች ጎዶሎ ቁጥር የመጣችው ጣሊያኖች አንድ ሜትሩን ከአንዱ ሐዲድ መሃል እስከ ሌላው ሐዲድ መሃል ይለኩ ስለነበር ነው፤ የሐዲዱ ራስ ውፍረት ሲቀነስለት ውስጡ 950 ይቀራል።

ጠባብ ሐዲድ የተመረጠው ርካሽ ስለሆነ ነው። ሐዲዱ ቀላል ነው፣ ድልድዩ ብዙ ብረት አይበላም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኩርባው ስብስብ ማለት ይችላል፤ ሌላው ባቡር ተራራ ቦርቡሮ የሚያልፍበትን እሱ ዞሮት ያልፋል። እንዲያም ሆኖ አቅሙ ገደብ አለው። በመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩ ሐረር ይገባ ነበር። ዳገቱ አላስኬድ ሲል መስመሩ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ በደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። አንድ ከተማ የት እንደሚሆን የወሰነው ዳገት ነው ማለት ነው። ይህን የማነሳው ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ ዳገትና ኩርባ በጠረጴዛችሁም ላይ እንዲሁ ይወስኑባችኋል።

ሐዲዱ ጠበበ እንጂ ጭነቱ አልጠበበም። የነጋዴው ጆንያ ያው ጆንያ ነው፣ የተሳፋሪውም ትከሻ ያው ትከሻ። ስለዚህ ፉርጎው ከሐዲዱ ተርፎ ግራና ቀኝ ይወጣል። በመደበኛ ሐዲድ ላይ የፉርጎው ስፋት የሐዲዱን ሁለት እጥፍ ትንሽ ያልፋል፤ በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ሁለት እጥፍ ተኩልና ከዚያም በላይ ይሆናል። ያ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ቁመና የጠባብ ሐዲድ መልክ ነው። ሞዴላችሁ ላይ ይህ ካልታየ ቀለሙ ቢያምር፣ በሩ ቢከፈት፣ መብራቱ ቢበራ፣ የሠራችሁት ሌላ ባቡር ነው።

አሁን ወደ ጅማ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1894 ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ውል ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ከፋ፣ ከዚያም እስከ ነጭ ዓባይ። የሁለቱ ሥራ፣ መንገዱን ለውጦም ቢሆን፣ ተጠናቀቀ፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ቀረ። በዚያ ዘመን ጅማን የሚያስተዳድሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ነበሩ፤ ገበያውም ከሩቅ ነጋዴ የሚመጣበት ነበር። ባቡሩ ወደ ምዕራብ ቢቀጥል ኖሮ የዚህ አካባቢ ቡና በፉርጎ ይወርድ እንደነበር ማሰብ አይከብድም።

ለሞዴል ሠሪ ደግሞ እንዲህ ያለ ያልተሠራ መስመር ከተሠራው ይልቅ ይመቻል። የድሬዳዋን ጣቢያ ከሠራችሁ አንድ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው መጥቶ «ይቺ መስኮት እዚህ አልነበረችም» ይላችኋል። የጅማን ጣቢያ ማንም አላየውም። ነፃነቱ ግን ልክ አለው፦ ባቡሩ፣ ሐዲዱ፣ ፉርጎው የዚያው የድሮው ባቡር ኩባንያ ስለሚሆኑ የእነሱ መልክ ከእውነተኛው መስመር ይወሰዳል፤ አፈሩ፣ ዛፉ፣ ቤቱና ሰዉ ከዚህ።

ስኬልን በተመለከተ ትንሽ ሒሳብ ታገሱኝ። አውሮፓውያን ሞዴል ሠሪዎች ኤን ኢ ኤም የሚባል ደንብ አላቸው። ከ850 እስከ 1,250 ሚሊ ሜትር ያለውን እውነተኛ ሐዲድ በአንድ ምድብ አስገብቶ «ኤም» የምትል ፊደል ይለጥፍበታል፤ የእኛም የድሮ መስመር፣ የአስመራውም እዚያ ይገባሉ። በጣም በተለመደው በ1 ለ87 ስኬል ይህ ምድብ በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሠራል። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ስለሚመጣ ልዩነቱ አይታይም። ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው ኤል ጂ ቢ የሚባለው ትልቁ የጓሮ ባቡር ደግሞ 1 ለ22.5 ነው፤ 45 ሚሊ ሜትር ሐዲዱ አንድ ሜትር ይወክላል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ችግሩ 12 ሚሊ ሜትሩ እዚህ አይገኝም፤ 45ቱ ደግሞ ጓሮ ይፈልጋል፣ ክረምታችንን ታውቁታላችሁ።

እኔ የምመክረው በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠውን የ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድና መንኮራኩር ወስዶ ፉርጎውን በ1 ለ60 መሥራት ነው። 16.5 በ60 ሲባዛ 990 ሚሊ ሜትር ነው። ከእውነቱ የጎደለው አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሞዴሉ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ በታች ስለሆነ ዓይን አያየውም። ሌላው ጥቅሙ ሒሳቡ ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር ስድስት ሳንቲ ሜትር ናት። ሁለት ሜትር ተኩል የሚሰፋ ፉርጎ 42 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል። የ15 ሳንቲ ሜትር ጣውላ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 28 ሚሊ ሜትር። ጀማሪ ተማሪም ያለ ካልኩሌተር ይሠራዋል። በየሱቁ የሚሸጡት ትንንሽ መጫወቻ መኪኖች አብዛኞቹ ወደ 1 ለ64 የተጠጉ ስለሆኑ ከጣቢያው ጀርባ ይቆሙላችኋል።

1 ለ60 የተለመደ ስኬል አይደለም፤ ከሌላ ሰው ሥራ ጋር አይጋጠምም የሚል ወቀሳ ይቀርብበታል። እውነት ነው። ጅማ ውስጥ ከማን ጋር ለመጋጠም ነው እንዳትሉኝ ብቻ፤ መልሱን ዛሬ እዚህ የተሰበሰባችሁት ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሁላችሁም በአንድ ስኬል ከጀመራችሁ ችግሩ እዚያው ያልቃል።

ወደ ፉርጎዋ። መግዛት ያለባችሁ ነገር አንድ ነው፣ መንኮራኩር። ሌላውን ሁሉ በእጅ መሥራት ይቻላል፤ መንኮራኩርን ግን በእጅ አልመክርም። በውስጥ በኩል ያለው ከንፈሩ፣ የሚሽከረከርበት ገጹ፣ ክቡ ከወስከምቱ (ሁለቱን መንኮራኩሮች ከሚያገናኘው ዘንግ) ጋር ያለው ቀጥተኛነት፣ ይህ ሁሉ የማሽን ሥራ ነው። 11 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው መንኮራኩር በስኬላችን 66 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ለትንሽ ፉርጎ ያስኬዳል። ወስከምቱ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለውን ምረጡ፤ በሾጣጣ ጉድጓድ ውስጥ ሲሽከረከር መፋተጉ በጣም ትንሽ ነው። ስትገዙም ስትገጥሙም አንድ ነገር ለኩ፦ የሁለቱ መንኮራኩሮች ጀርባ ለጀርባ ርቀት። ለ16.5 ሐዲድ 14.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ከላሜራ አንዲት መለኪያ ቁረጡና ሁልጊዜ ኪሳችሁ ትኑር። ፉርጎ መለያያ (አንዱ ሐዲድ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ) ላይ ሲደርስ ዘሎ ከወደቀ፣ ሐዲዱን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህችን መለኪያ አስገቡ።

መንኮራኩሮቹ በአንድ በኩል ከኤሌክትሪክ የተነጠሉ ናቸው። የተነጠሉት ሁሉ በአንድ ወገን ይሁኑ። ወስከምቶቹን የያዘው ክፍል ብረት ከሆነ፣ አንዱ ሲገለበጥ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኝና መስመሩ ሾርት ያደርጋል።

አሁን ሆዷን ያያችሁ ሰዎች አንድ ነገር ታዝባችሁ ይሆናል፤ የፊተኛው ቦጊ (ከፉርጎው ጫፍ ሥር መንኮራኩሮቹን የያዘው ትንሽ ጋሪ) ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ የኋለኛው ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። የላላ ብሎን አይደለም። የጅማ በርጩማ ለምን ሦስት እግር እንዳለው እናንተው ታውቃላችሁ፦ መሬቱ ቢጎረብጥም ሦስቱም ይረግጣሉ፤ አራት እግር ያለው ግን አንዱ አየር ላይ ይቀርና ይወዛወዛል። ፉርጎም እንዲሁ ነው። ከኋላ ሁለት ነጥብ፣ ከፊት መሃል ላይ አንድ ነጥብ፣ በጠቅላላ ሦስት። ፊተኛው ቦጊ በአንድ ብሎን መሃል ለመሃል ይያዛል፣ ዳዶው ትንሽ ላላ ይላል። ኋለኛው ግራና ቀኝ ሁለት ጉብታ ላይ ያርፋል። በእጅ የተነጠፈ ሐዲድ ፍጹም ለጥ ያለ አይሆንም፤ በሦስት ነጥብ የቆመች ፉርጎ ግን ጎርበጥባጣውን እየተከተለች ትሄዳለች። ቦጊ የሌላት ባለ አራት መንኮራኩር ፉርጎ ከሆነችም ያው ነው፣ አንዱ ወስከምት ቋሚ፣ ሌላው መሃሉ ላይ የሚወዛወዝ።

ቀጥሎ ክብደት። ቀላል ፉርጎ ኩርባ ላይ ትገለበጣለች፤ በጣም ከባድ ፉርጎ ደግሞ ሞተሩን ትገድለዋለች። የአሜሪካ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር ለ1 ለ87 የሚመክረው መነሻ 28 ግራም፣ ከዚያ በየ2.5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 14 ግራም ነው። ለእኛም ስኬል መነሻ ይሆናል። 16 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም ፉርጎ ወደ 115 ግራም ትመጣለች ማለት ነው። ወርቅ የሚመዝን ሰው ጓደኛ ካላችሁ በጣም ጥሩ፤ ከሌለ የቅመም ሚዛን ይበቃል። እንጨትና ካርቶን ብቻውን ከዚህ ግማሹንም አይመዝንም፤ ስለዚህ ሸክም ይጨመራል። ጎሚስታ ቤት የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ወልቆ ይጣላል፣ ለምኑት ይሰጣችኋል። እርሳስ መርዝ ነው፤ አትፋቁት፣ አታቅልጡት፣ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዳቦ አትያዙ፣ ለሕፃናት አትስጡ። ሸክሙ የሚቀመጠው ከወለሉ ሥር፣ በሁለቱ ቦጊዎች መካከል፣ ዝቅ ብሎ ነው። እዚህ ላይ ሐዲዱ እንደገና ይመጣል፦ የቆመችበት ጠባብ፣ ትከሻዋ ሰፊ የሆነች ፉርጎ ክብደቷ ከፍ ካለ መውደቋ ነው። መደበኛ ሐዲድ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቢረሱም ያልፍላቸዋል፤ እኛን አያልፈንም።

ስለ እንጨት ለእናንተ መናገር ድፍረት ነው። አንድ ነገር ብቻ። በትንሽ ስኬል የእንጨቱ ሥር፣ ማለት የገጹ መስመርና ቀዳዳ፣ ይጋለጣል። ዋንዛ ለአልጋ ግሩም ነው፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ጣውላ ሲሰነጠቅ ግን ቀዳዳዎቹ ሁሉ ፊት ለፊት ይመጣሉ፣ በስኬሉ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ይሆናሉ። ዝግባ ሥሩ ደቃቅና ቀጥ ያለ ስለሆነ ተመራጭ ነው። ዛፉ ጥበቃ የሚደረግለት ነውና ከተሰበረ አሮጌ ዕቃ ቁራጭ ውሰዱ፤ አንድ የድሮ ሳጥን ክዳን ለብዙ ፉርጎ ይበቃል። ከሁሉም የምወደው ግን የቡና እንጨት ነው። ያረጀ ቡና ሲጎነደል ግንዱ ለማገዶ ይሄዳል። ጠጣር ነው፣ ሥሩ አይታይም፣ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ሲያልፍ ይለሰልሳል። ጥላ ውስጥ በደንብ ይድረቅ እንጂ፣ ካልደረቀ ይሰነጠቃል። የፉርጎው አካል፣ ማለት መሠረቱ፣ ከኮምፔንሳቶ ይሁን፤ ከላዩ ጣውላው ይለበጣል። ጣውላዎቹን ከመለጠፋችሁ በፊት ጠርዛቸውን አንድ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ሳም አድርጉት። መጋጠሚያው መስመር ሆኖ የሚታየው በዚህ ነው፣ በእስክሪብቶ በማስመር አይደለም።

ብረት የሚመስለው ነገር ብረት መሆን የለበትም። የመንኮራኩሩ ባሌስትራ፣ ያ የተደራረበ ምላስ፣ እያጠረ ከሚሄድ የካርቶን ስስ ቁራጭ ይደረደራል። በጎማላካ ከተነከረ በኋላ ይጠነክራል። የማዕዘን ብረቶቹ ላይ ያሉት የሪቬት ራሶች ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ይወጣሉ፤ ጣሳውን ክፈቱት፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ካርቶን ላይ አስተኙት፣ ጫፏ በደነዘዘ መርፌ በመስመሪያ ተከትላችሁ ጫን ጫን። ስትገለብጡት በፊቱ ጉብታዎች ተሰልፈዋል። ልጆች ከአዋቂ የተሻለ ይሠሩታል።

ስለ ቀለም አጭር ልበል። አንቲሩጂኒ ቡናማውም ግራጫውም ለሥር ብረት ጥሩ መሠረት ነው፤ በጣም ይቅጠን። አዲስ የተቀባ ፉርጎ መጫወቻ ይመስላል፤ አቧራና ዝገት ሲነካው ባቡር ይሆናል። የተፈጨ ጡብ፣ የጠመኔ ዱቄት፣ የከሰል ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ይነሰነሳል። ግን አቧራው ከየት እንደመጣ አስቡ። ከአዋሽ በታች ያለው ግራጫና አመድማ ነው፤ የጅማ አፈር ቀይ ነው። ከጅቡቲ ጀምራ እዚህ የደረሰች ፉርጎ ቀይ አፈር ከታችኛው ጠርዟ ላይ፣ አመድማው ደግሞ ጣሪያዋ ላይ ይኖራታል። መንገዷን ቀለሟ ይነግራል።

መቀጣጠያውን ከቀጭን ሽቦ መንጠቆና ቀለበት ሥሩት፤ ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ የወጣች ማግኔትም ትሠራለች። አብዝታችሁ አትጨነቁበት።

ሞተርና ኤሌክትሪክም እንዲሁ። ልጆች ዳይናሞ የሚሏት ትንሿ ሞተር ከድሮ ፕሪንተርና ከሲዲ ማጫወቻ ትገኛለች። የተለመደው አሠራር 12 ቮልት በሐዲዱ ማስተላለፍ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ግን ከስልክ የወጣ ባትሪ ከኋላዋ ባለች ዝግ ፉርጎ ውስጥ ደብቆ ሞተሩን በሱ መንዳት ይሻላል። ሐዲዱን መጥረግም፣ ስለ ሾርት ማሰብም ይቀራል። ያበጠ ባትሪ ግን በጭራሽ።

ከፉርጎዋ ወደ ምትሄድበት ቦታ። ሐዲዱን አዘጋጅቶ የሚሸጠው ፋብሪካ ተጋዳሚዎቹን፣ ማለት ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚነጠፉትን፣ የሰፈረው ለመደበኛ ባቡር ነው። የሚያስደስተው ነገር ርዝመታቸው 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆኑ ነው፤ በ1 ለ60 ይህ አንድ ሜትር ከ80 ነው፣ ለአንድ ሜትር ሐዲድ የሚስማማ ልክ። የማያስደስተው መጠጋጋታቸው ነው። ከሐዲዱ ሥር ያለችውን ማያያዣ ፕላስቲክ በምላጭ ቁረጡና ተጋዳሚዎቹን ከ11 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ድረስ አራርቋቸው። በዚህች ብቻ ሐዲዱ ዘመኑም አገሩም ይለወጣል። ተጋዳሚውንም ዝገት ቀለም ቀቡት እንጂ እንጨት አታስመስሉት፤ የድሮው መስመር የብረት ተጋዳሚ ነበረው፣ ምስጥ ላለበት አገር የተሻለ ነው። ጅማ ደን ስላለ ኩባንያው እንጨት ይጠቀም ነበር የሚል ይኖራል። እኔ ብረቱን እመርጣለሁ፤ ምስጡም እዚህ አለና።

ኩርባ ሲታሰብ የምከተለው ልምድ የኩርባው ራዲየስ ከረጅሙ ፉርጎ ርዝመት ሦስት እጥፍ አይነስ የሚለው ነው። 16 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ፉርጎ 48 ሳንቲ ሜትር። ሙሉ ክብ ዞሮ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ 96 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ነው፤ 1.22 በ2.44 የሆነ ኮምፔንሳቶ ላይ ግራና ቀኝ ትንሽ ተርፎ ይገባል። ነገር ግን 22 ሳንቲ ሜትር የምትሆን የመንገደኛ ፉርጎ ካከላችሁ 66 ራዲየስ ያስፈልጋል፣ ኮምፔንሳቶው አይበቃም። እዚህ ጋ ሰው ኩርባውን ያጠብባታል፤ ፉርጎዋም ረጅምና ሰፊ ስለሆነች መሃሏ ወደ ውስጥ፣ ጫፏ ወደ ውጪ እየወጣ ከጣቢያው ምሰሶ ጋር ትላተማለች። የእኔ ምክር ክቡን መተው ነው። ኮምፔንሳቶውን በቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሰንጥቁ፤ ከአንዱ 2.44 ሜትር የሚረዝም መደርደሪያ ይወጣል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በአንድ ጫፍ ባቡሩ ከጊቤ በረሃ ወጥቶ ይገባል፣ በሌላው ጫፍ ጣቢያው አለ፣ ሐዲዱ እዚያ ያልቃል። የመጨረሻ ጣቢያ ደግሞ ሥራ ይበዛበታል፦ ሎኮሞቲቩ ተፈቶ ዞሮ ከሌላው ጫፍ ይቀጠላል፣ ባዶ ፉርጎ ይገፋል፣ የሞላ ይወጣል። ክብ የሚዞር ባቡር ቶሎ ይሰለቻል።

ዳገት የምትፈልጉ ከሆነ በአንድ ሜትር ከሦስት ሳንቲ ሜትር አትለፉ። በመደርደሪያ ላይ የጊቤን ሸለቆ በሙሉ ማሳየት አይቻልም። የሸለቆውን አፋፍ ብቻ አሳዩ፤ ቀሪውን ግድግዳው ላይ ሳሉት።

ጣቢያውን እንዴት እንሥራው? የድንጋይ ግድግዳውን ከመስመሩ ጣቢያዎች ውሰዱ። በረንዳውን ግን ጅሬን ላይ ካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳ ሂዳችሁ እዩና ከዚያ ቅዱ። የዚህ አካባቢ አናጺ ጣቢያ ሥራ ተብሎ ቢጠራ የሚያውቀውን ይሠራ ነበርና። ቀጥ ያለ የፈረንሳይ ጣቢያ ብቻ ካስቀመጣችሁ ድሬዳዋ ነው፣ ጅማ አይደለም።

መሬቱን ከቡና አተላ እንሠራዋለን። ቀልድ አይደለም፤ በሌላው ዓለም ያሉ ሞዴል ሠሪዎችም የሚጠቀሙበት ነው። ከጀበና የወጣውን አተላ በላሜራ ላይ አሰራጭታችሁ ፀሐይ ላይ አንጨርጭሩት፤ እርጥበት ከቀረበት ይሻግታል። ከቀይ አፈር ጋር አዋህዱት። አፈሩን እንደተገኘ ከመበተን ይልቅ በቀጭን ጨርቅ ንፉት፤ በስኬላችን አንድ ሚሊ ሜትር ጠጠር ስድስት ሳንቲ ሜትር ድንጋይ መሆኗን አትርሱ። ነጭ ኮላ በውሃ ይቀጥናል፣ አንድ ለሁለት አካባቢ፣ በዚያ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አንድ ጠብታ። ሳሙናዋ ከሌለች ውሃው አፈሩ ላይ ተድበልብሎ ይቀመጣል፤ ካለች ሰርጎ ይገባል። በሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉና እስኪደርቅ አትንኩት። የሐዲዱም ጠጠር የሚያዘው በዚሁ ነው።

ሣሩ ቃጫ ነው። ሦስት አራት ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ በመቀስ ቁረጡት፣ ኮላ በተቀባ መሬት ላይ ቆም ቆም አድርጉ። የእንሰት ቅጠል ከወረቀት ይቆረጣል፤ የመሃል አከርካሪዋ ቀጭን ሽቦ ትሁን፣ ቅጠሏ ጠርዝ ላይ ይቀደድ፣ ነፋስ የቀደደው እንሰት ነው እውነተኛው። የቡናው አልጋ፣ ያ ቡና የሚሰጣበት ከፍ ያለ ወንፊት፣ ከጥርስ ስንጥርና ከትንኝ መከላከያ አጎበር ይሠራል፤ ከላዩ ቀይ የተቀባ የጤፍ ፍሬ ይነሰነስ። ጤፍ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ የቡና ፍሬ ግን ስድስት ሳንቲ ሜትር አይሆንም፤ አዎ፣ አውቃለሁ፣ ከዚያ ያነሰ በእጃችን የለም። ከሩቅ ስለሚታይ ይቅር ይላል።

ጆንያው ከጥሩ ሸክላ ወይም ከመጋዝ ዱቄትና ኮላ ቅይጥ ይሠራ። የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ይይዛል፣ በስኬላችን 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። አንዱን በአንዱ ላይ ስትደረድሩ ገና ሳይደርቅ ይሁን፤ የላይኛው የታችኛውን መጫን አለበት። እንደ ጡብ ቀጥ ብሎ የተደረደረ ጆንያ ማንም ሠራተኛ አያምነውም። ሰዎቹን ከሽቦ አጽምና ከዚያው ቅይጥ ሥሩ። ነጠላው በቀጠነ ኮላ የተነከረ ሶፍት ነው፣ እርጥብ እያለ ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ሲደርቅ እጥፋቱን ይዞ ይቀራል።

ቅድም ከኋላ የተቀመጠ ወጣት በሦስት ዳይሜንሽን ማተሚያ ለምን አናትመውም ብሎ ጠይቋል። ማተሚያው ካላችሁ አትሙ፤ ለቦጊ ሳጥንና ለመቀጣጠያ ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ ስለሚያወጣ ጥሩ ነው። የፉርጎውን ግድግዳ ግን አላትምም። ፕላስቲክ ላይ የታተመ የእንጨት ሥር በጣም ይጎላል፣ ሁሉም ጣውላ አንድ ዓይነት ይሆናል። እዚህ ክፍል ውስጥ ያላችሁት አናጺዎች ከማተሚያው የተሻለ ታወጣላችሁ።

የቀረን የጣቢያው ጣሪያ ነው፣ እሱን በተግባር እናየዋለን። የቤት ቆርቆሮ የአንዱ ማዕበል ከሌላው ርቀት 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለ60 ሲካፈል 1.27 ይመጣል። አሁን ይህን ብሎን እዩ፣ በ13 ቁልፍ የሚፈታው ነው። የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር። ከዚህ የበለጠ የሚገጥም ነገር ሆን ብሎ እንኳ ማዘጋጀት አይቻልም። የካላማዳሪ ቁራጭ ከሥር አድርጉ፣ በላዩ የጣሳ ቅጠል ወይም ወፈር ያለ የምግብ መጠቅለያ ፎይል፣ ከዚያ ረጅሙን ባለ ጥርስ ዘንግ በሁለት እጅ ይዛችሁ ጫን እያደረጋችሁ አንከባልሉት። ጥርሱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መስመሩ ትንሽ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ስትቆርጡ በመስመሪያ ቀጥታ አትቁረጡ፣ ማዕበሉን ተከትላችሁ ነው። አንድ ወረቀት ቆርቆሮ 15 ሚሊ ሜትር በ35 አካባቢ አድርጉት፣ አንዱን በአንዱ ላይ በአንድ ማዕበል አስደርቡ፣ ከታችኛው ረድፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ። የላይኛው የታችኛውን ካልደረበ ዝናቡ ቤት ይገባል።

ዘንጉ አራት ነው፣ ፎይሉ ለሁሉም ይበቃል። ጣሳ የያዛችሁ እጃችሁን ጠብቁ፣ ጠርዙ ስለት ነው። ኑ፣ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ።